ቻርጅ አልይዝ ያለው ጆይስቲክ

ጨዋታው ሊያልቅ አምስት ደቂቃ ሲቀረው ጆይስቲኩ ድርግም ይላል። ሌሊቱን ሙሉ ቻርጅ ሲደረግ ያደረ ዕቃ አንድ ሰዓት እንኳ አይሠራም። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ የሚያሰላው የአዲስ ጆይስቲክ ዋጋ ነው። ያስቆጫል፤ ቁልፎቹም፣ ቦርዱም፣ ሞተሮቹም ደህና ሆነው ያረጀው ባትሪው ብቻ ሊሆን ይችላልና። ባትሪ ደግሞ ይቀየራል።

በመጀመሪያ ጥፋቱ የባትሪው መሆኑን ማረጋገጥ ይገባል። ጆይስቲኩ ኬብል ላይ ተሰክቶ ያለ ችግር እየሠራ ሲነቀል ወዲያው የሚጠፋ ከሆነ ጣት የሚቀሰረው ባትሪው ላይ ነው። ተሰክቶም ቻርጅ የሚያደርግበትን ምልክት ካላሳየ ግን መጀመሪያ ሌላ ኬብል መሞከር፣ ቀጥሎ መሰኪያውን ማየት ይሻላል። ብዙዎችን የሚያሳስት ሌላ ምልክትም አለ። ጎል ሲገባ ወይም መኪና ሲጋጭ፣ ጆይስቲኩ በተንቀጠቀጠበት ቅጽበት ጥፍት ይላል፤ መልሰው ሲያበሩት ቻርጅ እንዳለው ያሳያል። የሶፍትዌር ችግር ይመስላል፣ አይደለም። ባትሪ ሲያረጅ የሚይዘው ኃይል ከመቀነሱም በላይ የውስጥ ሬዚስታንሱ ይጨምራል። የማንቀጥቀጫ ሞተሮቹ ድንገት ብዙ ከረንት ሲጠይቁ ቮልቴጁ ይወርዳል፤ ጆይስቲኩም ባትሪው እንዳለቀ ቆጥሮ ራሱን ያጠፋል። ሞተሮቹ ሲያርፉ ቮልቴጁ ወደ ቦታው ይመለሳል።

ለመሆኑ ባትሪው ውስጥ ምን ተፈጠረ? ብዙ ሰው እጅ ያለውን የፕሌይስቴሽን 4 ጆይስቲክ፣ ዱዋልሾክ 4ን እንውሰድ። በውስጡ ያለው ሊቲየም አዮን ባትሪ ነው። በአንድ ወገን ግራፋይት፣ በሌላው ወገን ሊቲየምና እንደ ኮባልት ያለ ብረት ከኦክስጅን ጋር የተዋሐዱበት ንጥረ ነገር አለ፤ በመካከላቸው ኤሌክትሮላይት የሚባል ፈሳሽ። ቻርጅ ስናደርግ የሊቲየም አዮኖች ከብረቱ ወገን ተነሥተው ፈሳሹን በማቋረጥ በግራፋይቱ ንብርብሮች መካከል፣ ልክ በመጽሐፍ ቅጠሎች መሃል እንደሚገባ ወረቀት፣ ይገባሉ። ስንጫወት ወደ መጡበት ይመለሳሉ፤ ኤሌክትሮኖቹ ደግሞ በውጭ በኩል፣ በጆይስቲኩ ቦርድ ዞረው ይሄዳሉ። ቁልፉንም መብራቱንም ሞተሩንም የሚያሠራው ይህ ጉዞ ነው።

ባትሪው ገና ፋብሪካ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ቻርጅ ሲደረግ ግራፋይቱ ላይ እጅግ ስስ ሽፋን ይሠራል። ሽፋኑ ጠቃሚ ነው፤ እሱ ባይኖር ፈሳሹ ግራፋይቱን በነካ ቁጥር እየተበላሸ ያልቅ ነበር። ችግሩ ሽፋኑ በዓመታት ውስጥ ቀስ በቀስ እየወፈረ መሄዱ ነው። በወፈረ ቁጥር ከሊቲየሙ ጥቂት ይወስዳል፣ የወሰደውንም አይመልስም። የአዮኖቹም መንገድ እየከበደ ይሄዳል። የባትሪ እርጅና ዋናው ምክንያት ይህ ነው። እንደ አሠራሩና እንደ አያያዙ ቢለያይም፣ እንዲህ ያለ ባትሪ ከ300 እስከ 500 ጊዜ ያህል ሙሉ በሙሉ ተሞልቶ ካለቀ በኋላ ከአቅሙ አንድ አምስተኛ ያህሉን ማጣቱ የተለመደ ነው።

መሥራት ብቻ አይደለም የሚያስረጀው። ጊዜም ያስረጃል፤ ሙቀትና ሁልጊዜ ሙሉ ሆኖ መቆየት ደግሞ ያፋጥኑታል። ዱዋልሾክ 4 ገበያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2013 ስለሆነ፣ የዚያን ዘመን ባትሪ «ያልተነካ ነው» ብሎ የሚሸጥ ሰው ቢያጋጥም ከልቡ ቢናገር እንኳ አዲስ አልሸጠም።

የዚህ ባትሪ ታሪክ ራሱ ከጆይስቲኩ ጋር የተሳሰረ ነው። ኬሚስቱ ስታንሊ ዊቲንግሃም እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መንገዱን ጀመረ፤ ጆን ጉድኢናፍ በ1980 ኦክስፎርድ ላይ ኮባልት ያለበትን ወገን አገኘ፤ አኪራ ዮሺኖ በ1985 ጃፓን ውስጥ ለገበያ የሚሆነውን ሠራ። ሦስቱም በ2019 የኬሚስትሪ ኖቤል ሲሸለሙ ጉድኢናፍ የ97 ዓመት አዛውንት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1991 ይህን ባትሪ ለመጀመሪያ ጊዜ ለገበያ ያቀረበው ኩባንያ ሶኒ ነው፤ ያው የፕሌይስቴሽኑ ሶኒ።

አሁን ወደ ገበያው እንውጣ፤ ሰው ገንዘቡን የሚበላው እዚህ ላይ ነውና። የዱዋልሾክ 4 ኦሪጅናል ባትሪ ላይ 3.65 ቮልት፣ 1000 ሚሊአምፒር ሰዓት ተብሎ ተጽፏል። ሁለቱ ሲባዙ 3.65 ዋት ሰዓት ይሆናል፤ የባትሪው እውነተኛ ልክ ይህ ነው። ሱቅ ውስጥ ግን መጠኑ አንድ ዓይነት ሆኖ 3000 ሚሊአምፒር ሰዓት የሚል ጽሑፍ የተለጠፈበት ይገኛል። ይህን ለማጣራት መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም፤ ሚዛን ይበቃል። እንዲህ ያለ ባትሪ በጣም ጥሩ ነው ቢባል በአንድ ኪሎ ክብደት 250 ዋት ሰዓት ያህል ይይዛል። 3000 የተባለው እውነት ቢሆን ወደ 11 ዋት ሰዓት ስለሚሆን ክብደቱ ከ44 ግራም ማነስ አይችልም። የወርቅ ቤት ሚዛን ላይ ሲቀመጥ 20 ግራም ገደማ ካሳየ የተለጠፈው ቁጥር ውሸት ነው። በመጠኑ ከፍ ያለ ቁጥር ሊታመን ይችላል፤ ሦስት እጥፍ ግን በፍጹም። እኔ ሐቀኛውን 1000 እመርጣለሁ። በቁጥር የዋሸ ሰው የማይታየውን ነገርም ሊያጓድል ይችላል፤ ባትሪው ከመጠን በላይ እንዳይሞላና ሾርት እንዳያደርግ የምትከላከለዋን ትንሽ ሰርኪዩት ማለቴ ነው።

ሌላው መጠንቀቂያ መሰኪያው ነው። በመዳሰሻው አናት ላይ ቀጭን መብራት የሚታይበት አዲሱ ዱዋልሾክ 4 እና መብራት የማይታይበት የቀድሞው የባትሪ መሰኪያቸው አይገጥምም፤ የአዲሱ ያንሳል። ከዱባይ ወይም ከዋሽንግተን ዘመድ እንዲያመጣላችሁ የምታዙ ከሆነም የጆይስቲኩን ፎቶ ላኩለት። ለብቻው የተገዛ ሊቲየም ባትሪ በአውሮፕላን የሚጓዘው በእጅ ሻንጣ ውስጥ እንጂ ወደ ጭነት በሚገባው ሻንጣ አለመሆኑንም ንገሩት።

መክፈቱ ከሚፈራው ይቀላል። ጆይስቲኩ ቻርጁን ጨርሶ ይጥፋ፤ ባዶ ባትሪ ቢጎዳ እንኳ አደጋው ያነሰ ነው። ከጀርባው ያሉት አራት ብሎኖች በትንሽ ባለ መስቀል ካቻቢቴ ይፈታሉ። ሽፋኑን ከመያዣዎቹ በኩል ቀስ አድርጎ ማላቀቅ ነው፤ ብድግ አድርጎ መመንጨቅ አይገባም። ሁለቱን ግማሾች የሚያገናኝ ስስ ጠፍጣፋ ኬብል አለና ከተቀደደ ቻርጅ ማድረጊያው አብሮ ይሄዳል። የባትሪው መሰኪያ በወረንጦ ወይም በጥፍር ራሱ ተይዞ ይነቀላል፤ ሽቦውን ይዞ መሳብ አይገባም። ከመሰካት በፊት ሁለቱን ባትሪዎች ጎን ለጎን አድርጉ። የቀዩና የጥቁሩ ሽቦ ቅደም ተከተል ከተለያየ አትሰኩት፤ መልሱት። ሲዘጋ ደግሞ ከላይ ያሉት የሁለቱ መተኮሻ ቁልፎች ስፕሪንግ ከቦታው መንሸራተት ይወዳል፤ ብሎኖቹ ከመጥበቃቸው በፊት በጣት ተጭኖ ማየት ነው።

ባትሪው አብጦ ከተገኘ ነገሩ ሌላ ነው። እብጠቱ ፈሳሹ ሲበላሽ የወጣ ጋዝ ነው። አይጫኑትም፣ አይወጉትም፣ ዳግመኛ ቻርጅ አያደርጉትም። የተጎዳ ሊቲየም ባትሪ በውስጡ ሾርት ካደረገ ራሱን በራሱ እያጋለ እሳት ሊያስነሣ ይችላል። በብረት ነገር ፈልቅቆ ለማውጣት ከመታገል ጥገና የሚያውቅ ሰው ጋ መውሰድ ይሻላል።

መደበኛው የኤክስቦክስ ጆይስቲክ ሁለት ተራ የእጅ ባትሪ ድንጋዮች ስለሚወስድ ይህ ሁሉ ድካም አይመለከተውም፤ ክዳን ከፍቶ መቀየር ነው። ብዙዎች የድሮ አሠራር ነው ብለው ይንቁታል። እኔ ግን አስተዋይነት ነው እላለሁ፤ ቶሎ የሚያረጀውን ክፍል ለባለቤቱ ክፍት አድርጎታልና። የአውሮፓ ኅብረትም እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣው የባትሪ ሕግ፣ እ.ኤ.አ. ከየካቲት 18 ቀን 2027 ጀምሮ በተንቀሳቃሽ ዕቃዎች ውስጥ ያለ ባትሪ ተጠቃሚው ራሱ አውጥቶ ሊቀይረው የሚችል እንዲሆን ያዛል፤ የተወሰኑ ልዩ ሁኔታዎች ቢኖሩትም። ለአውሮፓ ተብሎ በአዲስ መልክ የሚሠራ ዕቃ እዚህም መድረሱ ስለማይቀር ሕጉ ለእኛም ይጠቅማል የሚል ተስፋ አለኝ።

የወጣው አሮጌ ባትሪ መሰኪያው በፕላስተር ተሸፍኖ ከልጆችና ከሙቀት ርቆ ይቀመጥ፤ የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ የሚሰበስብ ሲገኝም ይሰጠው። እሳት ውስጥ መጣልም ሆነ ከቤት ቆሻሻ ጋር መቀላቀል አይገባም። አዲሱን በተመለከተ፣ ሙሉ ሲሆን ከኬብሉ መንቀል፣ ፀሐይ ከሚመታው መስኮት ማራቅ ነው። ልጁ ለፈተና ሲዘጋጅ ጆይስቲኩ ቁም ሣጥን ውስጥ የሚገባ ከሆነ ግማሽ ያህል ተሞልቶ ይግባ። ባዶውን ለወራት የተተወ ባትሪ ቮልቴጁ ከመጠን በላይ ወርዶ ውስጡ ያለው መዳብ መሟሟት ይጀምራል፤ ከዚያ በኋላ ቻርጀር ቢሰኩትም አይቀበልም። በየሁለት ሦስት ወሩ አውጥቶ ጥቂት ቻርጅ ማድረግ ይበቃዋል።