የጁባ ሕፃናት በማን ቋንቋ ይግጠሙ?

ከነጭ ዓባይ ዳርቻ በተቆረቆረችው በጁባ፣ በአንድ የአንደኛ ደረጃ ክፍል ውስጥ የባሪ፣ የዲንካ፣ የኑዌርና የዛንዴ ልጆች ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። እንግዲህ መምህሩ «ተነሥና ግጥም በል» ሲል፣ ሕፃኑ በማን ቋንቋ ይበል?

እ.ኤ.አ. በ1972 የተፈረመው የአዲስ አበባ ስምምነት እንግሊዝኛን የደቡብ ሱዳን ዋነኛ ቋንቋ አድርጎ ነበር። አገሪቱ በ2011 ነፃ ከወጣች በኋላ፣ የ2012ቱ የትምህርት ሕግ እስከ 3ኛ ክፍል በአካባቢ ቋንቋ፣ ከ4ኛ ጀምሮ በእንግሊዝኛ እንዲሰጥ ደነገገ። ሕጉ መልካም ነው፤ ይሁንና የጁባ ነባር ቋንቋ ባሪ ሲሆን የገበያው መግባቢያ የጁባ ዐረብኛ ነው።

ግጥም ግን የሚጀመረው ከትምህርት ቤት አይደለም። የዲንካ ወጣት ለመረጠው በሬ ቀለሙንና ቀንዱን እያወደሰ ዘፈን ይገጥማል። ፉከራና ሽለላ ሰምቶ ላደገ የእኛ ወታደር ይህ እንግዳ ነገር አይሆንበትም። ይህን እየሰማ ያደገ ልጅ፣ ትርጉሙ ያልገባውን የእንግሊዝኛ ስንኝ ሸምድዶ ሲወጣ ድምፁ ይሰልላል፤ በገዛ አፉ ሲያዜም ግን ቋንቋውን የማያውቁት ጓደኞቹ እንኳ አዝማቹን ተቀብለው ያጨበጭቡለታል።

ታዲያ 4ኛ ክፍል ገብቶ ቋንቋው ሲለወጥበት ያ ልጅ ዝም እንዳይል፣ መምህሩ በሳምንት አንዲት ሰዓት ቢተውለት ምን ይጎዳል?