ስለ አንደበት ሕመም

ንግግር የነፍስ ሀብት ቢሆንም ያለ ሥጋ መሣሪያ አይገለጥም። ትንፋሽ ከሳንባ ተነሥቶ በማንቁርት ያሉትን የድምፅ አውታሮች ያንቀጠቅጣል፤ ምላስ፣ ትናጋ፣ ጥርስና ከንፈርም ድምፁን ይቀርጹታል፤ ሁሉንም የሚያዝዘው አንጎል ነው።

በጉዛራ ግንብ አጠገብ ባለችው በእንፍራንዝ ፊደል የሚቈጥር ሕፃን ቀ፣ ጠ፣ ጰ ለማለት ማንቁርቱን ዘግቶ ትንፋሹን መጭመቅ አለበት። እንግዲህ ሕፃኑ ቢኰላተፍ ወይም ቢንተባተብ፣ ስንፍና ነው ተብሎ ሊገረፍ አይገባውም። ዲዳ የሚባለውም ብዙ ጊዜ ጕዳቱ ከጆሮው ነው፤ ያልሰማውን ቃል አንደበቱ ሊያወጣ አይችልምና።

ሊቀ ነቢያት ሙሴ አንደበቱ የከበደ ነበረ፤ እግዚአብሔር ግን ወንድሙን አሮንን አፍ አድርጎ ሰጠው እንጂ አልናቀውም። ስለዚህ መምህራን አለንጋውን ትተው በትዕግሥት ያድምጡ፤ ሹማምንትም የሕፃናቱ ጆሮ በሐኪም እንዲመረመር ይትጉ።