ዓይን የለመደው ማሳ

ልጁን በየቀኑ የሚያይ ወላጅ ማደጉን ልብ አይልም፤ ከርሞ የመጣ ዘመድ ግን «እንዴት አድጓል!» ይላል። ተዳፋት ማሳም እንዲሁ ነው።

ጎርፍ ትልቅ ቦይ ሲቀድ ሁሉም ያየዋል። ዝናብ የላይኛውን አፈር በስሱ እያጠበ ሲወስድ ግን የሚያስተውል ጥቂት ነው። ትንንሾቹን ቦዮችም ማረሻ ስለሚደፍናቸው ምልክቱ ይጠፋል። ሆኖም ከአንድ ሄክታር ላይ 1 ሚሊሜትር አፈር ብቻ ቢታጠብ የሚሄደው 10 ሜትር ኩብ፣ በክብደትም 100 ኩንታል ያህል ወይም ከዚያ በላይ ነው።

«ማሳዬ ድንጋይ አበቀለ» የሚሉ ገበሬዎች አሉ። ድንጋዩ አልበቀለም፤ አፈሩ ሄዶ ነው። የዛፍ ሥር ከመሬት በላይ መታየቱም ሌላው ምስክር ነው።

ስለዚህ ዓይንዎን ብቻ አይመኑ። ረጅም የብረት ችካል ማሳው ውስጥ አጥብቀው ይትከሉ፤ አፈሩ የደረሰበትንም ቦታ በሞረድ ምልክት ያድርጉበት። ሲያርሱ ማረሻው እስከ ጥጉ ይድረስ እንጂ ችካሉን አይንካው። በየዓመቱ ከመጀመሪያው እርሻ በፊት ይመልከቱት። አፈሩ ከምልክቱ ዝቅ ካለ እርከን መሥራት ለከርሞ የሚባል አይደለም፤ የታጠበው አፈር እስኪተካ የልጅ ልጅም አይደርስበትም።