የቀይ መስቀል ወጣት በጎ ፈቃደኛ ለመሆን፦ እንዴት ይገባል? ምንስ ይጠብቀናል?

ቅዳሜ ቅዳሜ ቀዩን ሰደርያ ለብሼ ስወጣ የሚያዩኝ የክፍል ጓደኞቼ ሁልጊዜ ሁለት ነገር ይጠይቁኛል። አንደኛው «እንዴት ነው የሚገባው?» የሚል ሲሆን ሁለተኛው ደግሞ «ምን ይሰጧችኋል?» የሚል ነው። ለእያንዳንዱ ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ ከማስረዳ አንድ ጊዜ ጽፌ ብገላገል ይሻላል ብዬ ይህችን ጽሑፍ አዘጋጅቻለሁ። እንግሊዞች ከ1941 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለወጣቶቻቸው የአየር ካዴት የሚሉት ማኅበር አላቸው፤ ወጣቱ ዩኒፎርም ለብሶ፣ በሥነ ሥርዓት ታንጾ፣ ሙያ ቀስሞ ይወጣል። እዚህ ቂርቆስ ውስጥ ለሚማር ወጣት ግን ለዚያ የሚቀርበውና በእግሩ ሄዶ የሚያገኘው ቀይ መስቀል ነው።

ማኅበሩ ከየት መጣ?

ነገሩ የሚጀምረው ሄንሪ ዱናንት ከተባለ የስዊዘርላንድ ነጋዴ ነው። ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1859 በሰሜን ጣሊያን ሶልፌሪኖ ላይ ከተደረገው ጦርነት በኋላ ቁስለኞች ያለ ረዳት ወድቀው አየ። የአካባቢውን ሰው አስተባብሮ ይሄ የኛ ነው፣ ያ የጠላት ነው ሳይል ሁሉንም እንዲረዱ አደረገ። ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1863፣ ጄኔቭ ላይ የቀይ መስቀል ኮሚቴ ተቋቋመ።

የኛው የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የተመሠረተው ሐምሌ 1 ቀን 1927 ዓ.ም. ነው። የፋሺስት ጣሊያን ወረራ ሊጀመር ሦስት ወር እንኳ አልሞላም ነበር። ብዙም ሳይቆይ ዓርማው ተፈተነ። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 30 ቀን 1935 የጣሊያን አውሮፕላኖች መልካ ዲዳ ላይ የነበረውን የስዊድን ቀይ መስቀል የመስክ ሆስፒታል ደበደቡ። በማርች 1936 ደግሞ ኮረም ላይ የእንግሊዝ ቀይ መስቀል ሆስፒታል ተመታ።

በዚያው ጦርነት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን የተባለ ስዊድናዊ አብራሪ የቀይ መስቀል አምቡላንስ አውሮፕላን ያበር ነበር። ይኸው ሰው ከነጻነት በኋላ ተመልሶ ቢሾፍቱ ላይ አየር ኃይላችንን በማደራጀት እስከ 1956 እ.ኤ.አ. ሠርቷል። በ1974 እ.ኤ.አ. በድርቁ ጊዜ መንገድ ለማይደርስባቸው ሰዎች ከአውሮፕላን እህል ጥሏል። በ1977 እ.ኤ.አ. ጎዴ ላይ በሶማሊያ ጦርነት ተገደለ። ይህን የምተርከው እኛ ቀለል አድርገን የምንለብሰው ሰደርያ ብዙ ሰው የሞተበት መሆኑን ለማስታወስ ነው።

እንዴት ይገባል?

አገባቡ ቀላል ነው። በትምህርት ቤት ወይም በኮሌጅ የቀይ መስቀል ክበብ ካለ በዚያ በኩል፣ ከሌለ ደግሞ በቅርብ ባለው የማኅበሩ ቅርንጫፍ መመዝገብ ይቻላል። እኔ የገባሁት በክበብ ነው። ፎርም ሞላሁ፣ ፎቶግራፍ አስገባሁ፣ ብዙ የማያስጨንቅ ዓመታዊ መዋጮ ከፈልኩና የአባልነት መታወቂያ ወሰድኩ። የማኅበሩ ዋና መሥሪያ ቤት በራስ ደስታ ዳምጠው ጎዳና ስታዲየም አካባቢ ነው፤ ከካዛንቺስ በእግር ቢኬድ እንኳ ሩቅ አይባልም። ብሔር፣ ሃይማኖት፣ የፖለቲካ አመለካከት የሚጠይቅ የለም። የሚጠየቀው «ጊዜ አለህ ወይ?» ነው።

ሥልጠናው

የመጀመሪያ እርዳታ ሥልጠና ከሚያስተምረው ያልተናነሰ የሚያስረሳው ነገር አለው። ሰፈር ውስጥ የለመድነው ብዙ ነገር ስህተት ነው። ጥቂቱን ልዘርዝር፦

1. የሚጥል በሽታ፦ በአፍንጫው ክብሪት ማጨስ፣ ጥርሱ መሃል ማንኪያ መክተት አያስፈልግም፤ ይጎዳዋል። የሚመታውን ነገር ከአጠገቡ ማራቅ፣ ከጭንቅላቱ ሥር ለስላሳ ነገር ማድረግ፣ ሲያቆም በጎኑ ማስተኛት ነው። ከአምስት ደቂቃ ካለፈ አምቡላንስ መጥራት።

2. ቃጠሎ፦ ጥርስ ሳሙና፣ ቅቤ፣ ሊጥ የለም። ሃያ ደቂቃ ያህል የሚወርድ ቀዝቃዛ ውሃ ነው መድኃኒቱ።

3. ነስር፦ ቀና ማለት ደሙን ወደ ጉሮሮ ይመልሰዋል። ጎንበስ ብሎ የአፍንጫውን ለስላሳ ክፍል አሥር ደቂቃ መጫን ነው።

4. ደም መፍሰስ፦ በንጹሕ ጨርቅ ቁስሉን በቀጥታ አጥብቆ መጫንና አለመልቀቅ። ጓንት ከሌለ እጅን በፌስታል መሸፈን ይቻላል።

5. ራሱን የሳተ ሰው፦ ውሃ በአፉ ማንቆርቆር ክልክል ነው፤ ያንቀዋል። መተንፈሱን ከአሥር ሰከንድ ባልበለጠ ጊዜ ማየት። ከተነፈሰ በጎኑ ማስተኛት፤ ካልተነፈሰ ደረቱ መሃል 30 ጊዜ መጫንና 2 ጊዜ ትንፋሽ መስጠት። የሚጫነው በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ በሚሆን ፍጥነት ነው። ይህ በአሻንጉሊት ላይ ሲለማመዱት ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ላብ ያጠምቃል።

ከሁሉ በፊት ግን የሚመጣው አካባቢውን ማየት ነው። መኪና እየሮጠበት ባለ አስፋልት ላይ ዘሎ የሚገባ ረዳት ራሱ ሁለተኛ ተጎጂ ይሆናል።

ስልኩም ትምህርት አለው። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ እሳትና ድንገተኛ አደጋ 939 ነው። ደውሎ «ካዛንቺስ ነኝ፣ ቶሎ ኑ!» ብሎ መዝጋት ምንም አይጠቅም። እኛ ከተማ ሰው ቤቱን የሚያስረዳው በቁጥር ሳይሆን በምልክት ነው። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ የካዛንቺስ ሰፊው ክፍል ለልማት ከተነሳ ወዲህ ደግሞ የድሮዎቹ ምልክቶች ብዙዎቹ የሉም። ስለዚህ ቆሞ ያለውን መናገር ነው፤ ኡራኤል ቤተ ክርስቲያን፣ የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ግቢ ወይም ሌላ ሾፌሩ የማይስተው። ጠሪው ስልኩን መጀመሪያ መዝጋት የለበትም።

ሥራውስ?

ዋናው ሥራ ሕዝብ በሚበዛበት ቀን መቆም ነው። መስከረም 16 ለደመራ መስቀል አደባባይ፣ በኅዳር አካባቢ ለታላቁ ሩጫ፣ ለሌላውም በዓል ቃሬዛና ቦርሳ ይዘን በየተመደብንበት እንቆማለን። አብዛኛው ቀን የሚያጋጥመን ፀሐይ የመታው፣ የተገፋፋ፣ እግሩ የዞረበት ሰው ነው። ረጅም ሰዓት ምንም ሳይሆን ያልፋል። ያ መልካም ቀን ነው፤ ለወጣት ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። ከዚያ ውጭ ደም ልገሳ እንቀሰቅሳለን። ከ18 ዓመት በላይ የሆነ፣ 45 ኪሎና ከዚያ በላይ የሚመዝን ጤነኛ ሰው በየሦስት ወሩ መለገስ ይችላል። ሰው ደም የሚያስፈልገው ድንገት ነው፤ ደሙ ግን ድንገት አይገኝም፤ ቀደም ብሎ ባንክ ውስጥ መቀመጥ አለበት።

የማይሰጠው ነገር

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ልምጣ። ደመወዝ የለም። አንዳንድ ጊዜ የትራንስፖርት ወይም የምሳ ትገኝ ይሆናል፤ እሷን ብሎ የሚመጣ ግን ወር አይቆይም። ሰርተፍኬት ይሰጣል፤ ለሥራ ማመልከቻ ብቻ ብሎ የሚመጣም አለ፤ አልነቅፈውም። ሰርተፍኬቱን ወስዶ የጠፋው ሰውዬ እንኳ ቤቱ ልጅ ሲቃጠል ጥርስ ሳሙና አይቀባም። ይህ ራሱ ትርፍ ነው።

ከባዱ ክፍል

የቀይ መስቀል መርሆች ሰባት ናቸው፤ ሰብዓዊነት፣ አለማዳላት፣ ገለልተኝነት፣ ነጻነት፣ በጎ ፈቃደኝነት፣ አንድነትና ዓለም አቀፋዊነት። በ1965 እ.ኤ.አ. ቪየና ላይ የጸደቁ ናቸው። ሲያነቡት የፈተና ጥያቄ ይመስላል። እውነቱን ለመናገር ፋሻ መጠቅለል በአንድ ቅዳሜ ይለመዳል፤ እነዚህ ግን አይለመዱም።

አለማዳላት ማለት ሁለት ሰው ሲጎዳ መጀመሪያ የሚረዳው የባሰበት ነው ማለት ነው። አደጋውን ያደረሰው ሾፌር ደሙ እየፈሰሰ፣ የተገጨው ደግሞ እግሩ ተጭሮ ቢሆን፣ ዙሪያውን የቆመው ሰው «እሱን ተወው!» እያለ እየጮኸ ወደ ሾፌሩ መሄድ ነው። ገለልተኝነት ደግሞ ሰደርያውን ለብሰን ስለ ፖለቲካ አለመከራከር ነው። ይሄኛው በተለይ ባለፉት ዓመታት ለብዙዎቻችን መራራ ነበር። ዘመድ ያለበት አገር ጦርነት ውስጥ ሆኖ ዝም ማለት ልብ እንደሌለው ያስቆጥራል። ነገር ግን የአንድ ወገን ነው ተብሎ የተጠረጠረ አምቡላንስ የሌላውን ወገን ቁስለኛ ማንሳት አይችልም፤ ኬላው አያሳልፈውም። ዝምታው የሚከፍተው መንገድ አለ፤ ዋጋውን ግን የሚከፍለው ዝም ያለው ሰው ነው። ይህን መሸከም የማይችል ሰው ባይገባ ይሻላል፤ በሌላ መንገድ አገሩን ያግዝ።

ለማጠቃለል

ድሮ በሰፈራችን አንድ ሰው ቢወድቅ የት ቤት ነርስ እንዳለች፣ የት ወጌሻ እንዳለ ሁሉም ያውቅ ነበር። ከካዛንቺስ የተነሳው ሰው ዛሬ ጎረቤቱን ገና በሚተዋወቅበት ቦታ ነው የሚኖረው። እዚያ ደረጃ ላይ ሕፃን ቢወድቅ ማን ቤት እንደሚንኳኳ አይታወቅም። ስለዚህ በየሕንጻው ቢያንስ አንድ የሠለጠነ ሰው ቢኖር የአምቡላንሱን መምጫ ደቂቃዎች ይሸፍናል። ያ ሰው ከዲፓርትመንታችን ተማሪዎች አንዱ እንዲሆን ነው የኔ ምኞት። መመዝገብ የሚፈልግ ዕረፍት ሰዓት ላይ ያነጋግረኝ፤ ፎቶግራፍ ይዞ ይምጣ። ቸር ይግጠመን።