በረዶ የሚገድበው ወንዝ

ወንዝ ሞላ ሲባል እኛ የምናስበው የሐምሌንና የነሐሴን ዝናም ነው። በሳይቤሪያ የሚገኘው የሌና ወንዝ ግን ዝናም ሳይጥልም ከተማ ያጠፋል።

ሌና ከባይካል ሐይቅ አጠገብ ካሉት ተራሮች ተነሥቶ፥ ከ4,200 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ በላፕቴቭ ባሕር በኩል ወደ አርክቲክ ውቅያኖስ ይገባል። በብርዱ ወራት ውሃው ከውርጭ ብዛት የተነሣ ረግቶ የጭነት መኪና መንገድ ይሆናል። (ይህንን በተማሪ ቤት ሳለን ስንሰማ ተረት መስሎን ነበር።) ጣጣው የሚመጣው ብርዱ ሲያልፍ ነው። ዐባይም ወደ ሰሜን ይፈሳል፤ ነገር ግን በረዶ አያግደውም። በሌና ግን ደቡቡ ቀድሞ ስለሚሞቅ የላይኛው በረዶ ይቀልጣል፤ የታችኛው ገና እንደ ድንጋይ የጠና ነው። እየተገፋ የወረደው የበረዶ ስብርባሪ መሄጃ ሲያጣ እንደ ግድብ ይከመራል፤ ውሃውም ወደ ኋላ ተመልሶ በዳርቻው ላይ ይተኛል።

በግንቦት 1993 ዓ.ም. ሌንስክ በተባለችው ከተማ ላይ የደረሰው ይኸው ነው። የጦር አውሮፕላኖች የተከመረውን በረዶ በቦምብ ለመስበር ሞከሩ። ቢሆንም ከተማይቱ አልዳነችም፤ በሺህ የሚቆጠሩ ቤቶች ፈረሱ። ሰዎቹ ግን ስፍራቸውን አልለቀቁም፤ እዚያው ወንዙ ዳር እንደገና ሠሩ።