ተክሉን ቀላቢ የሚያደርገው የአንገት እባጭ

የፖም፣ የኮክ ወይም የጽጌረዳ ችግኝ ከችግኝ ጣቢያ ሲመጣ አብዛኛው ተረካቢ የሚያየው ቅጠሉንና ቁመቱን ነው። ሥሩን ገልጦ የሚመለከት ጥቂት ነው። አንድ አስቸጋሪ የባክቴሪያ በሽታ ግን የሚደበቀው ሥሩ ከግንዱ በሚገናኝበት፣ አፈር በሚሸፍነው አንገት ላይ ነው። በመጀመሪያ የአተር ፍሬ የምታክል፣ ነጣ ያለችና ለስላሳ እባጭ ትታያለች። ስትቆይ ትጠቁራለች፣ እንደ እንጨት ትጠነክራለች፣ ትሰነጣጠቃለች፤ አንዳንዴም የሰው ጡጫ ታክላለች። በሽታው በሳይንሱ ዓለም ክራውን ጎል ይባላል፤ የአንገት እባጭ እንደማለት ነው።

እባጩ መግል የቋጠረ ቁስል አይደለም። የተክሉ የራሱ ሕዋሳት ያለልክ ተባዝተው የፈጠሩት ሥጋ ነው። ለዚህ ያበቃቸውም ሆርሞን ነው። ተክል ሥር እንዲያወጣና እንዲረዝም የሚያደርገው ኦክሲን፣ ሕዋሱ እንዲከፋፈልና ቀንበጥ እንዲያቆጠቁጥ የሚያደርገው ደግሞ ሳይቶካይኒን የተባለ ሆርሞን ነው። ጤናማ ተክል ሁለቱን በመጠን ያመርታል፤ ሲበቃውም ያቆማል።

አግሮባክቴሪየም የተባለው የአፈር ባክቴሪያ ይህን ልክ ያፈርሳል። የሚገባው በቁስል በኩል ነው፤ የመግረዣ መቀስ የቆረጠው፣ በኩትኮታ ጊዜ ዶማ የላጠው ወይም ችግኙ ሲዳቀል የተሰነጠቀ ቦታ ይበቃዋል። የቆሰለው አካል የሚያመነጨውን ንጥረ ነገር ተከትሎ ይመጣል፣ ይጣበቃል፣ ከዚያም ከራሱ ዘረመል ቁራጭ ወደ ተክሉ ሕዋስ ይልካል። ቁራጩ ከተክሉ ዘረመል ጋር ይዋሃዳል። በውስጡ ኦክሲንና ሳይቶካይኒን የማምረቻ ትእዛዝ አለ፤ ትእዛዙም የተክሉን መቆጣጠሪያ አይሰማም። ሌላም ትእዛዝ አብሮ ይገባል፦ ኦፓይን የተባለ፣ ተክሉ ራሱ የማይጠቀምበት፣ በዋናነት ለዚሁ ባክቴሪያ የሚሆን ምግብ ማምረት። ስለዚህ ተክሉ በሥሩ የሳበው ውሃና በቅጠሉ ያዘጋጀው ምግብ ለፍሬ መዋሉ ቀርቶ ለእንግዳው ቀለብ ይሆናል።

ይህ ምስጢር የተፈታው በአንድ ጊዜ አልነበረም። አሜሪካውያኑ ኧርዊን ስሚዝና ቻርልስ ታውንሴንድ እ.አ.አ በ1907 ባክቴሪያው የእባጩ መንስኤ መሆኑን አሳዩ። በ1940ዎቹ አርሚን ብራውን የተባለ ተመራማሪ ባክቴሪያ የሌለበትን የእባጭ ሥጋ ለብቻው ሲያሳድግ፣ ሆርሞን ሳይጨመርለት ማደጉን ቀጠለ። ምክንያቱ የታወቀው በ1970ዎቹ ነው። በ1974 በቤልጂየም ጌንት ከተማ የእነ ጄፍ ሼልና ማርክ ቫን ሞንታጉ ቡድን ትእዛዙን የሚሸከመውን የዘረመል ቀለበት አገኘ፤ በ1977 ደግሞ በአሜሪካ የሜሪ ዴል ቺልተን ቡድን ቁራጩ በተክሉ ሕዋስ ውስጥ መግባቱን አረጋገጠ። ዛሬ የዘረመል ምህንድስና ባለሙያዎች የሆርሞኑን ትእዛዝ አውጥተው ይህንኑ ባክቴሪያ ጠቃሚ ባህርይ ወደ ሰብል ለማስገባት ይጠቀሙበታል።

ለአርሶ አደሩ ትልቁ ቁም ነገር ብራውን ያየው ነው። እባጩ ከጀመረ በኋላ ባክቴሪያው ቢሞትም ሕዋሱ መባዛቱን አይተውም። ስለዚህ በሽታው የያዘውን ተክል መድኃኒት በመርጨት ማዳን አይቻልም። እባጩን ቆርጦ መጣልም አዲስ ቁስል ከመክፈት በስተቀር ዋስትና የለውም። ለጋ ችግኝ ይቀጭጫል፣ ቅጠሉ ይገረጣል፣ ውሃ ሲያጥር ቶሎ ይደርቃል፤ የጠና ዛፍ ግን ምርቱ እየቀነሰም ቢሆን ዓመታት ሊቆይ ይችላል።

እርግጥ ሥር ላይ የታየ እብጠት ሁሉ በሽታ አይደለም። በባቄላ፣ በአተርና በሽምብራ ሥር ላይ የሚታዩት ትናንሽ እንክብሎች ናይትሮጅን ከአየር የሚያዘጋጁ ናቸው፤ ሲሰነጠቁ ውስጣቸው ቀላ ካለ እየሠሩ ነው። የሚገርመው እነዚህን የሚሠራው ራይዞቢየም የአግሮባክቴሪየም የቅርብ ዘመድ ነው። በቲማቲም ሥር ላይ እንደ መቁጠሪያ የሚደረደረው እብጠት ደግሞ ኔማቶድ ከተባለ ጥቃቅን ትል ይመጣል። በደጋ አካባቢ ቆርምድ የሚባለው የባቄላ ቅጠል እብጠትም ባክቴሪያ አያመጣውም።

የወረዳ ባለሙያ ሥራ የሚጀምረው ርክክብ ላይ ነው። ከእያንዳንዱ ጭነት ችግኝ አውጥቶ ሥሩንና የተዳቀለበትን ቦታ ማየት ያስፈልጋል። እባጭ ያለባቸውን ብቻ ለይቶ ቀሪውን ማከፋፈል ግማሽ ሥራ ነው፤ ምልክቱ ለመታየት ሳምንታት ወይም ወራት ስለሚወስድ፣ ጤነኛ የሚመስለው ጎረቤት ችግኝም ባክቴሪያውን ይዞ ሊሆን ይችላል። የተተከለ ችግኝ ቁጥር ለሪፖርት ቢያምርም፣ አንድ የታመመ ጭነት የአርሶ አደሩን ማሳ ለዓመታት ሊበክል ይችላል።

በሽታው የታየበትን መሬት ለችግኝ ጣቢያ አለማዋል ይመከራል። ጤፍ፣ ስንዴ፣ ገብስና በቆሎ በዚህ በሽታ ስለማይጠቁ ለጥቂት ዓመታት ቦታውን መያዝ ይችላሉ። መቀስና ቢላዋ ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው ሲዛወር፣ አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ በተበጠበጠ ውህድ መነከር አለበት። ውህዱ በየቀኑ ይታደሳል፤ ብረት ስለሚበላም መሣሪያው ሥራ ሲያበቃ በውሃ ይታጠባል።

በአውስትራሊያ አለን ኬር የተባለ ተመራማሪ በ1970ዎቹ ኬ84 የተባለ ጉዳት የማያደርስ ዘመድ ባክቴሪያ ለመከላከያነት አውሏል። ችግኙ ከመተከሉ በፊት ሥሩ በውህዱ ይነከራል፤ ይህ ባክቴሪያ የሚያመነጨው ንጥረ ነገር ጎጂውን ይገድላል። ይህም ቢሆን ይከላከላል እንጂ አያድንም። ለወይንም አይሠራም፤ ወይንን የሚያጠቃው ዝርያ ሌላ ሲሆን፣ ምልክት ሳያሳይ በግንዱ ውስጥ ስለሚጓዝ በቁራጩ አብሮ ይተላለፋል። በመሆኑም የወይን ቁራጭ መወሰድ ያለበት ንጽሕናው በላቦራቶሪ ከተረጋገጠ እናት ተክል ነው።