ሞተሩ የሚሞቀው መቼ ነው?

ከፍኖተ ሰላም ወደ ደጋ ዳሞቷ ፈረስ ቤት ሽቅብ የሚወጣ መኪና ማቀዝቀዣው ደካማ ከሆነ ዳገቱ ላይ ይጋለጣል። ጭነቱ ከባድ ነው፣ ማርሹም ፍጥነቱም ዝቅተኛ ነው። በፈረንጆቹ 1970ዎቹ የተሠራ ላንድ ክሩዘር በቤንዚን ሞተሩ ለዓመታት በሰላም ሲመላለስ ቆይቶ፣ ሞተሩ ወርዶ የናፍጣ ሞተር ከገባለት በኋላ ሂት ማድረግ የሚጀምረው እንዲህ ባለ መንገድ ላይ ነው። ያን ጊዜ ሁሉም ጣቱን የሚቀስረው አዲስ በገባው ሞተር ላይ ነው። ቴስታታው ይወርዳል፣ ጓርኒሲዮን ይቀየራል፣ ብር ይወጣል። መኪናው ግን በሚቀጥለው ገበያ ቀን እንደገና ይፈላል።

እኔ ግን ከሞተሩ በፊት የማየው፣ አሮጌው አካልና አዲሱ ሞተር የሚገናኙበትን ቦታ ነው። የድሮው ቱ ኤፍ ቤንዚን ሞተር 4,230 ሲሲ ነው፤ በብዛት የሚተካው ዋን ኤች ዜድ ናፍጣ ደግሞ 4,164። ጉልበታቸውም ተቀራራቢ ነው። ስለዚህ ጤነኛ የሆነ የድሮ ራዲያተር በሞተሩ መጠን ብቻ አይሸነፍም። የተለወጠው የሞተሩ አቀማመጥ፣ የፋኑ ርቀት፣ የቱቦዎቹ መስመርና የሙቀት መለኪያው ነው።

ከመለኪያው እንጀምር፤ ብዙ ሰው የሚዘለው እሱን ነው። ዳሽቦርዱ ላይ ያለው የድሮው ቀስት ከአዲሱ ሞተር ሴንሰር ጋር ካልተስማማ፣ ሞተሩ ደህና ሆኖ ሳለ ቀዩ መስመር ላይ ይወጣል፤ የባሰው ደግሞ እየፈላ መሐል ላይ ሊቆም መቻሉ ነው። ቴርሞስታቱ ያለበትን ቤት በሙቀት መለኪያ መሣሪያ ለክቶ ከቀስቱ ጋር ማነጻጸር ደቂቃ አይፈጅም። ይህ ሳይደረግ ቁልፍ ማንሳት አይገባም።

ቀጥሎ ሾፌሩን መጠየቅ ነው፦ የሚሞቀው መቼ ነው? ዳገት ላይ በሁለተኛ ማርሽ ሲያዘግም ሞቆ፣ ሜዳ ላይ ሲሮጥ የሚበርድ ከሆነ የጎደለው አየር ነው። አዲሱ ሞተር ወደ ኋላ ገባ ብሎ ከታሰረ በፋኑና በራዲያተሩ መካከል አንድ ስንዝር ክፍተት ይቀራል። የድሮው የፋን መከለያ ደግሞ አልገጥም ስላለ ጋራዡ ጥግ ተጥሏል። ያኔ ፋኑ የሚስበው ከራዲያተሩ የሚመጣውን አየር ሳይሆን እዚያው ሞተሩ ዙሪያ የሚዞረውን ትኩስ አየር ነው። ለማረጋገጥ ሞተሩን አስነስቶ በዝግታ እየሠራ ከራዲያተሩ ፊት ወረቀት ማስጠጋት ይበቃል። አየሩ ከተሳበ ወረቀቱ ይለጠፋል፤ ካልተለጠፈ ወይም ወደ ውጭ ከተገፋ ችግሩ ተገኘ። በኤሌክትሪክ የሚሠራ ፋን ሽቦው ተገልብጦ ሲታሰር አየሩን ወደ ፊት ይተፋል። በዚያ ላይ ደጋው ላይ አየሩ ራሱ ስስ ነው፤ 2,500 ሜትር ላይ ከባሕር ጠለሉ ከአምስት አንድ እጅ ያህል ይቀንሳል። መከለያ የሌለው ፋን ቆላ ላይ ችሎ ደጋ ላይ የሚያቅተው ለዚህ ነው።

በተቃራኒው ሜዳ ላይ ሲሮጥ የሚሞቅ ከሆነ የውሃውን ዝውውር እፈትሻለሁ። የወንዝ ውሃ ለዓመታት የተሞላበት ራዲያተር ውስጡ በዝቃጭ ይደፈናል፤ ሞተሩ ሞቆ ከጠፋ በኋላ ራዲያተሩን ከዳር እስከ ዳር ሲለኩት ቀዝቃዛ ሆኖ የሚገኘው ቦታ ውሃ የማያልፍበት ነው። የታችኛው ጎማ ቱቦም፣ በተለይ ከሌላ መኪና ተቆርጦ የተገጠመ ከሆነ፣ ነዳጅ ሲረገጥ በመሳቡ ተጨምቆ ይጣበቃል። ይህን ለማየት አንድ ሰው ነዳጅ እየረገጠ ሌላው ቱቦውን ማየት አለበት።

እዚህ ላይ ስለ ቴርሞስታት መናገር ግድ ነው። «ሀገሩ ሞቃት ነው፣ አውጥተህ ጣለው» የሚለው ምክር ብዙ ሞተር ጎድቷል። ብዙ የቶዮታ ሞተሮች ላይ ቴርሞስታቱ ሲከፈት፣ ውሃው ራዲያተር ሳይደርስ ተመልሶ የሚዞርበትን አቋራጭ በዚያው ይዘጋል። ሲወልቅ አቋራጩ ክፍት ይቀራል፣ ትኩሱ ውሃም ሳይበርድ ወደ ሞተሩ ይመለሳል። ስለዚህ ተቀይሮ እንጂ ወልቆ መቅረት የለበትም።

የራዲያተር ክዳንም በደጋ ከቆላው ይበልጥ ዋጋ አለው። 2,500 ሜትር ላይ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ 0.9 ባር ግፊት የሚይዝ ክዳን ግን እስከ 114 ዲግሪ አካባቢ ያቆየዋል። ላስቲኩ የደረቀ ክዳን ይህን ሁሉ ያሳጣል። ክዳኑን ሞተሩ ሳይበርድ መክፈት ፊትና እጅ ያቃጥላል፤ ይህን ለረዳቱም መንገር ያስፈልጋል።

አዲሱ ሞተር ከራዲያተሩ አናት ከፍ ብሎ ሲቀመጥ ደግሞ አየር ከላይ ታምቆ ይቀራል። ውሃው ሙሉ መስሎ ይታያል፣ ቴስታታው ግን በእንፋሎት ይከበባል። መኪናውን አፍንጫው ወደ ዳገት ዞሮ አቁሞ፣ ክዳኑን ሞተሩ በርዶ ሳለ ከፍቶ፣ ከዚያ አስነስቶ ውሃ እየጨመሩ በዝግታ ማሠራት አየሩን ያወጣዋል።

ጥቁር ጭስም ይታይ። በስሱ አየር ላይ የናፍጣ ፓምፑ መጠን ካልተስተካከለ፣ ወይም «ጉልበት እንዲጨምር» ተብሎ ከተከፈተ፣ ከመጠን ያለፈው ናፍጣ ጥቁር ጭስና ትርፍ ሙቀት ይሆናል።

ይህ ሁሉ ታይቶ ችግሩ ካልተገኘ ነው ጓርኒሲዮኑ የሚጠረጠረው። ጠዋት ሞተሩ በርዶ ተነስቶ በደቂቃዎች ውስጥ የላይኛው ቱቦ እንደ ድንጋይ ከጠነከረ፣ ራዲያተሩ ውስጥ አረፋ ሳያቋርጥ ከወጣ፣ ወይም ዘይቱ የወተት መልክ ከያዘ፣ ያን ጊዜ ቴስታታው ይውረድ፤ ሲወርድም ፊቱ ቀጥ ባለ ማስመሪያ ይለካ።